ቶንሲሉ ዳነ፣ ምግቡ ግን አልተመለሰም

የቀፊራዋ እናት (ጥያቄ አቅራቢ)
ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ጥቅምት ላይ ጉሮሮዋን አመማት፤ ቶንሲል ነው ተባለ። አምስት ቀን አተኮሳት፣ ምራቋን መዋጥ እንኳ ተሳናት። መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ትኩሳቱም ለቀቃት፤ እኛም ተመስገን ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። እሷ ግን ወደ ምግቧ አልተመለሰችም።

መጀመሪያ «አፌን መረረኝ» አለች፤ የመድኃኒቱ ነው ብዬ ተውኳት። ቀጥሎ «ሆዴን ይነፋኛል» መጣ። ከዚያ እንጀራው ቀረ፣ ከዚያ ዘይት የነካው ሁሉ። ጠዋት ከሰፈራችን ጥግ ፈጢራ ሳትበላ ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ ነበረች፤ አሁን ሽታው ሲመጣባት መንገድ ታቋርጣለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ «እንዴት አምሮባታል፣ ቁመቷ ወጣ» ይሉኛል። ሁዳዴ ሲገባ በጾም ተሸፈነች። ረመዳንም አብሮ ስለገጠመ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር «አብሬያት ልጹም» ብላ ቀን ቀን ውሃም ተወች። ሁለቱን ጾም በአንድ ገላ! እኔ ደግሞ ሃይማኖተኛ ሆነችልኝ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ወስጃታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ደም ተወሰደ፣ ሦስቱንም ጊዜ ታይፎይድ አለባት ተባልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ መድኃኒት ተጻፈ። ጉልኮስም ተሰቅሎላታል። ሚዛን ላይ ያቆማት ግን የለም። ባለፈው ሳምንት የድሬ ቀትር ሰው በሚያቀልጥበት ሰዓት ሹራብ ደርባ አገኘኋት፤ እጇን ስይዘው በረዶ ነው።

ውጭ አገር ያለው የእህቴ ልጅ በስልክ ስነግረው «ዴንማርክ ውስጥ ኢንፌክሽንና የአመጋገብ መታወክ እንደሚገናኙ ተጠንቷል» አለኝ። እውነት ነው? ቶንሲሉ ውስጧ ቀርቶ ይሆን ምግብ የከለከላት? ከሆነስ ሌላ መርፌ ያስፈልጋታል?

ነጭ ጋውን
እህቴ፣ ሐረር የምሠራ ሐኪም ነኝ። ጥናቱ ይቆየን። ሹራቡና የቀዘቀዘው እጅ ከጥናቱ ይቀድማሉ፤ ማገዶ ያለቀበት ቤት እሳቱን እንደሚቀንስ ሁሉ የተራበ ሰውነትም ሙቀቱንና የልብ ምቱን ይቀንሳል። ነገ ጠዋት ወደ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካ። ክብደቷና ቁመቷ ይመዝገብ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ትነሳ፣ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ፎስፌት ይታይ። የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ ለብቻዋ ትጠየቅ፤ እርስዎ ፊት ላትናገር ትችላለች።

ስለ ታይፎይዱ፦ እዚህ ብዙ ክሊኒክ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ነው። እሱ የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። በሽታው በሚበዛበት አገር ከዓመታት በፊት የነበረ መነካካት እንኳ «አለባት» ሊያሰኝ ይችላል። ሦስት ጊዜ ተመርምራ ሦስት ጊዜ መገኘቱ ሦስት ጊዜ ታማለች ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ክብደቱ የቀነሰን ሰው ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ኤችአይቪና ጃርዲያ ሳይታዩለት «የአእምሮ ነው» ብሎ መሸኘትም ስንፍና ነው። ሁለቱም ይታዩ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ዛሬ ማታ ደንግጠው ትልቅ ትሪ አያቅርቡላት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት ይወርድና ልቡን ይጎዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስር ቤቶች የወጡ ምርኮኞች ጠግበው በበሉ ማግስት የሞቱት በዚህ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ፣ በሐኪም ዓይን ሥር።

አባ ባቡር
እኔ በለገሃር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም። ምግብ ሲጠፋ እንጂ ምግብ እያለ የተራበ ሰው አላየንም። ይህ የፈረንጅ ልጆች በሽታ ነው፣ ከስልኩ የመጣ። ስልኩን ይቀሟት። ቶንሲሉ ከተመላለሰባት ደግሞ አዋቂ ፈልገው እንጥሏን ያስቆርጧት፤ እኔም ተቆርጬ ይኸው አለሁ።

የከዚራ ፋርማሲ
አባታችን፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ እንጥል ማስቆረጥ የሚለውን ምክር ማንም እንዳይሰማዎት። ደም አላቆም ብሏቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞባቸው የመጡ ልጆች አይቻለሁ። በአንድ ምላጭ ስንት ልጅ እንደሚቆረጥ ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ። ለጉሮሮ ሕመሙም አይረዳም፤ ጀርሙ ያለው እንጥሉ ላይ አይደለም።

«የፈረንጅ በሽታ» ስለሚሉት፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በጋና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጃገረዶችን ተመልክቷል። ከመጠን በላይ ከከሱት መካከል በገዛ እጃቸው ራሳቸውን ያስራቡ ተገኙ። ምክንያታቸው ግን መወፈርን መፍራት አልነበረም፤ ጾምና ራስን መግዛት ነው ያሉት። የእናትየዋን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የታወሰኝ ይህ ነው። በጋዜጣ ላይ የምናየው የሞዴሎች በሽታ ሌላ መልክ አለው፤ እዚህ ሲመጣ ነጠላ ለብሶ ይመጣል፣ እኛም ቆመን እናሳልፈዋለን።

የጀጎል ልጅ
ከዚህ በፊት እዚህ ጽፌ አላውቅም። አሁን 22 ዓመቴ ነው፣ ሐረር ነው የምኖረው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ድሬዳዋን ቺኩንጉንያ ሲያጥለቀልቃት አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ 16 ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎብጦ ነበር የሚሄደው። እኔም መገጣጠሚያዬ ተቆልፎ ዐሥር ቀን ተኛሁ። ስነሳ ቀሚሴ ሰፍቶኛል።

ይህን የምለው ዶክተሮቹ እንዲሰሙልኝ ነው፦ ወፍራም አልነበርኩም፣ መክሳትም አስቤ አላውቅም። ከሕመሙ ስነሳ ግን ባዶ ሆዴ ጸጥታ ሰጠኝ። ሌላ ቃል የለኝም። ከዚያ በፊት ጭንቅላቴ እንደ መጋላ ገበያ ነበር፤ ሳልበላ ስውል ዝም ይላል። ስበላ ጫጫታው ይመለሳል። ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ ጸጥታው ስም አገኘ፤ ቁንጅና ተባለ። ከዚያ በኋላ ራሴም ምክንያቱ ቁንጅና መሰለኝ።

የምጾመው በረመዳን ብቻ አልነበረም። ያለፈብኝን ቀን እከፍላለሁ እያልኩ ከዓመቱ ግማሹን ጾምኩ። አያቴ ናት የነቃችው። «የታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት ኢማሙን ጠይቀሽ ነው ወይስ ሳትጠይቂ?» አለችኝ። ሳልጠይቅ ነበር። ወስዳኝ አስጠየቀችኝ፣ የሚሸሸግበት ግድግዳ ወደቀ። ስለዚህ እናቴ፣ የነፍስ አባቷን ዛሬውኑ ያነጋግሩ። ለታመመ ልጅ ጾም አይታዘዝም፤ እሳቸው ካሏት እርስዎን የምትከራከርበት ነገር አይኖራትም።

ነጭ ጋውን
የጀጎል ልጅ የጻፈችው እኔ በትምህርት ዓመታቴ ካነበብኩት ይበልጣል። አሁን ወደ ጥናቱ።

ዴንማርክ የእያንዳንዱን ዜጋ የሆስፒታልና የመድኃኒት ታሪክ በመዝገብ ትይዛለች። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2006 የተወለዱ 525,643 ልጃገረዶችን በመዝገቡ ላይ እስከ 2012 ተከተሉ፤ ውጤቱ በ2019 «ጃማ ሳይካትሪ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በከባድ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝተው የታከሙት ካልተኙት ይልቅ በኋላ አኖሬክሲያ የመያዝ ዕድላቸው በ22 በመቶ፣ ቡሊሚያ በ35 በመቶ፣ ከሁለቱ የማይመደበው ሌላው የአመጋገብ መታወክ ደግሞ በ39 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። አኖሬክሲያ ራስን ማስራብ ነው፤ ቡሊሚያ አጋብሶ በልቶ ማስመለስ። ሳይተኙ የኢንፌክሽን መድኃኒት ብቻ በሐኪም የታዘዘላቸውም ላይ ከፍታው ታይቷል፤ ለቡሊሚያ እስከ 63 በመቶ ደርሷል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ጊዜው ነው፤ አደጋው በርትቶ የሚታየው ከሕመሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ነው።

ስለዚህ የእህትዎ ልጅ ያለው እውነት ነው። «ቶንሲሉ ውስጧ ቀርቷል» የሚለው ግን ከጥናቱ አይወጣም።

የቾክ አቧራ
ሒሳብ አስተምራለሁ፤ «22 በመቶ» የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ጠመኔ ይሄዳል። ከምን ላይ 22 በመቶ? ከእነዚያ 525 ሺህ ልጃገረዶች በክትትሉ ዘመን አንዱ የአመጋገብ መታወክ ተገኘባቸው የተባሉት በጠቅላላው 4,240 ናቸው። ከ1,000 ስምንት ገደማ ማለት ነው። አኖሬክሲያ ለብቻው ሲወሰድ ከ1,000 አራት ገደማ ነው፤ በግርድፉ 22 በመቶ ሲጨመርበት አራቱ ወደ አምስት ይጠጋሉ። ቶንሲል ከያዛቸው 1,000 ልጃገረዶች ዘጠኝ መቶ ዘጠና ምናምኑ ድነው ፈጢራቸውን ይበላሉ። ይህን አንብቦ ልጁ ባስነጠሰች ቁጥር የሚደነግጥ ወላጅ እንዳይኖር ነው።

ሌላው፣ አስቀድሞ መብላት ያቆመች ልጅ አቅሟ ስለሚዳከም ለኢንፌክሽን ልትጋለጥ ትችላለች። ሆስፒታል የገባች ልጅ ደግሞ ሐኪም ያያታል፤ ሲያያት የተደበቀው ይገኛል። ሁለት ነገር ተከታትሎ ስለመጣ አንዱ ሌላውን ወለደ አይባልም።

ነጭ ጋውን
መምህር ልክ ብለዋል፤ ተመራማሪዎቹም ግንኙነት አገኘን አሉ እንጂ መንስኤ አገኘን አላሉም። ነገር ግን «በአጋጣሚ ነው» ብሎ መዝጋትም ይከብደኛል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ምግብ አይወስድም። ሰውነት ጀርምን ሲዋጋ የሚረጫቸው ኬሚካሎች አንጎል ውስጥ የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠረውን ክፍል ዝም ያሰኙታል። አብዛኞቻችን ላይ ኬሚካሉ ሲቀንስ ፍላጎቱ ይመለሳል። ጥቂቶች ላይ ለምን አይመለስም? በ2019 የወጣ ሌላ ትልቅ የዘር ጥናት፣ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ የአኖሬክሲያ ሕሙማንን የመረመረ፣ ከበሽታው ጋር የሚያያዙ ስምንት የዘረ መል ቦታዎችን አግኝቷል። የዘር ዝንባሌው ከአእምሮ ሕመሞች ጋር ብቻ ሳይሆን ሰውነት ስብና ስኳርን ከሚያስተዳድርበት መንገድ ጋርም የተጋመደ ነው። እንዲህ ያለ ዝንባሌ ላላት ልጅ በቶንሲል የወረደው ሦስትና አራት ኪሎ ለሌላው እንደሚሆነው ላይሆን ይችላል።

ረሃቡ ራሱ ደግሞ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ ተጠኑ። መንፈሳቸው ወደቀ፤ ከሰው ሸሹ፤ ቁራሽ ዳቦ በጥቃቅን ቆራርጠው ለረጅም ሰዓት ያኝኩ ጀመር፤ አንዳንዶቹ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ማጥናት ያዙ። ጎልማሳ ወንዶች ናቸው፣ ስልክም የላቸውም አባ ባቡር! የተራበ አንጎል ስለ ምግብ በትክክል አያስብም። ለዚህ ነው «ለምን አትበዪም» ብሎ መከራከር የማይሠራው። የሚከራከሩት ከእሷ ጋር ሳይሆን ሹራቡን ካስደረባት ረሃብ ጋር ነው።

የሸዋ በር አባት
የእኔ ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይሄድ እንደሆነ አላውቅም። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ጉሮሮው ከታመመ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ፣ በሦስት ቀን ነው የምላችሁ፣ «ምግቡ ያንቀኛል» ብሎ እምቢ አለ። እጁን ደግሞ ሃያ ጊዜ ይታጠባል። ሌሊት ብቻውን አይተኛም። ሰው አይቶት ነው፣ ዓይን ነው ይሉኛል።

ነጭ ጋውን
ፍጥነቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። የእህታችን ልጅ በወራት ነው የተሸረሸረችው፤ የእርስዎ በሦስት ቀን። እ.ኤ.አ. በ1998 ሱዛን ስዊዶ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ጀርም ከሚመጣ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ ድንገት የመታጠብ አባዜ፣ ፍርሃትና ሳይፈልጉት የሚደጋገም የሰውነት እንቅስቃሴ የሚጀምራቸውን ልጆች ገለጹ። «ፓንዳስ» ይባላል። በኋላ «ፓንስ» በሚል ሰፋ ብሎ ድንገተኛ ምግብ እምቢታም ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ሆነ። መነሻ ሐሳቡ ሰውነት ለጀርሙ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ተሳስቶ አንጎልን ይመታል የሚል ነው። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ክርክር የሌለበት ዘመዱን ግን እዚህ በየጊዜው እናያለን፤ በቶንሲል ሰበብ የሚመጣው የልብ በሽታ። ያው ጀርም፣ ያው የተሳሳተ ምት። አንዳንዶቹ ልጆች እጅና እግራቸው ሳይፈልጉ ይወራጫል፣ ሲደንሃም ኮሪያ ይባላል፤ ከአጋንንት ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው። ልጅዎን ዛሬውኑ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት፣ ልቡም ይደመጥ። «ሦስት ቀን» የሚለውን ቃል አይርሱ፤ ሐኪሙ ካልጠየቀም ይንገሩት።

የከዚራ ፋርማሲ
ከዚህ አንጻር አንድ የምፈራው ነገር አለ። ይህን ክር ያነበበ ወላጅ ነገ ጠዋት መስኮቴ ላይ ቆሞ «ለምግብ ፍላጎት አሞክሳሲሊን ስጠኝ» እንዳይለኝ። በእውነተኛ የስትሬፕቶኮከስ ቶንሲል ላይ መድኃኒቱን በታዘዘው ልክ መጨረስ ልብን ያድናል፤ እዚያ ላይ አልደራደርም። ያለ ምርመራ ተደጋግሞ መስጠቱ ግን ሌላ ነው። የዴንማርኩ ጥናት መድኃኒት በወሰዱትም ላይ ከፍታ አይቷል። ኢንፌክሽኑ ነው ወይስ መድኃኒቱ የአንጀትን ተሕዋስያን ማናጋቱ? ጥናቱ ሁለቱን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ተመራማሪዎች ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ጠግቤያለሁ የሚለውን የሰውነታችንን ሆርሞን እንደሚመስል አሳይተዋል። አንጀትና የምግብ ፍላጎት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ማስተባበል አይቻልም። እና የቀፊራዋ እናት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ዙር መድኃኒት ወስዳለች፣ ሦስቱ ምናልባት ለሌለባት በሽታ።

ሌላም አለ፣ በእኛ ሰፈር ዝም የሚባልበት። ጫት ረሃብን ያጠፋል። ከአወዳይ ለሚጫንለት የምሥራቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጃገረዶች ግን ለዚሁ ሲሉ እንደሚቅሙት ወላጅ አይጠረጥርም። ሐኪም ሲጠይቅ አትሸሽጉ።

የቾክ አቧራ
የአንጀቱ ነገር ያምራል፤ ከፈረንሳይ ቤተ ሙከራ እስከ ቀፊራ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

የከዚራ ፋርማሲ
መምህር፣ መንገዱን አሳጠርኩ አላልኩም።

የቀፊራዋ እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማግስቱ ወሰድኳት። የልብ ምቷ በደቂቃ 44 ነው ተባልኩ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ወደ ልጄ ፊት፣ ከልጄ ፊት ወደ እኔ ስታይ ጉልበቴ ከዳኝ። 37 ኪሎ ናት፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ61። የወር አበባዋ ከታኅሣሥ ጀምሮ የለም፤ ይህን የነገረቻቸው እኔን ካስወጡኝ በኋላ ነው። ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ ስኳር የለባትም፣ ታይፎይድም የለባትም። ዐሥራ አንድ ቀን ተኝታ ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በማንኪያ በሚቆጠር ነበር የሚመግቧት፤ ነጭ ጋውን ባይነግሩኝ ኖሮ ልጄን ሊያስርቡብኝ ነው ብዬ እጣላ ነበር።

የአእምሮ ሐኪሙ ያሉኝ፣ ለንደን ሞድስሊ በተባለ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረ የሕክምና መንገድ አለ፤ ለጊዜው ሳህኑን የሚይዘው ወላጅ ነው፣ ልጅቱ አትወስንም፣ አትወቀስምም። በቀን ሦስት ማዕድና ሦስት መክሰስ፣ ከአጠገቧ ተቀምጬ። ሥራዬን ለግማሽ ቀን አስፈቅጃለሁ። የነፍስ አባታችንም ቤት ድረስ መጥተው «ጾምሽ መብላት ነው» አሏት። አለቀሰች፤ ግን እሳቸውን አልተከራከረቻቸውም።

ቶንሲሉ ነው ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁ። «በሩን ከፍቶት ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ቤት ውስጥ የገባው ሌላ ነው» አሉኝ። መርፌ አላዘዙም።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የጀጎል ልጅ ካለች። ትላንት ማታ ሾርባውን ጨርሳ ተነሳች፤ ደስ ብሎኝ «ጎበዝ! ፊትሽ እኮ ተመለሰ» አልኳት። ገበታውን ጥላ ወጣች። ምን አጠፋሁ?

የጀጎል ልጅ
እናቴ፣ «ፊትሽ ተመለሰ» ለእሷ «ወፈርሽ» ነው። እኔም አክስቴ እንዲህ ስትለኝ ሁለት ቀን አልበላሁም። ስለ ፊቷም፣ ስለ ሳህኑም ምንም አይበሉ። ስትጨርስ ሳህኑን አንስተው ስለ ሌላ ነገር ያውሩላት፤ የመብራት መጥፋትም ቢሆን። ከምግብ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት በጣም ከባድ ነው፣ ብቻዋን አይተዋት። አያቴ ያን ጊዜ ሙዳይ ታሰፋኝ ነበር፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ያልፋል። እስካሁን ያልጨረስኩት አንድ አለኝ፣ አለላው አልቆብኝ።

የቀፊራዋ እናት
አለላ ቀፊራ ሞልቷል። ቀለሙን ንገሪኝ፣ ሐረር ለሚመጣ ሰው አስይዝልሻለሁ።